ሊጉ ሲያልቅ ይነገረው

ቦንጋ፣ የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለአብርሃም፤ አዳማ።

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ፣ ጉልበትህ፣ ያ ከአንተ ቀድሞ በር የሚገባው ሆድህ ሁሉም ደህና ናቸው? ሥላሴ ከነልጆችህ ይጠብቁህ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

ወለተሥላሴ ቅዳሜ የካቲት 21 ሊነጋጋ ሲል አረፈች። ከረቡዕ ጀምሮ አመማት፤ ልቧ ነው አሉን። በዚያው ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ቀበርናት። እድርተኛው አንድም አልቀረ። ይህን ብቻህን ሆነህ አንብበው፤ ስትጨርስም ቅደደው።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልክህ ስለሚጮህ ነው። ባለፈው ስለ ኪንታሮቴ ሳማክርህ የክለቡ ተጫዋቾች ሁሉ «ይማርዎት ጋሼ!» እያሉ ሲስቁ ሰምቻለሁ። የወለተሥላሴን ነገር ደግሞ ከእነሱ አንዱ ፈጽሞ መስማት የለበትም፤ ዮናታን።

ታውቃለህ፤ እናቱ፣ ልጃችን፣ ስትሞት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ወለተሥላሴ ናት ያሳደገችው። እሷን እማ፣ እኔን አባባ ይለናል። ረቡዕ ዕለት ደወለ። «አባባ፣ የአንደኛው በረኛ ጣት ተሰብሯል። እሑድ እኔ ነኝ የምገባው!» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው። ክለቡ ወንበሩን በስምህ ያዛውርልህ እያልኩ ስቀልድበት የኖርኩት ልጅ።

ቅዳሜ ከቀብር ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ መርዶውን ማን ያድርስ ተባለ። ማንም አያደርስም አልኩ። ልጁ ነገ ይጫወታል። እሑድ ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለ ባለሱቁ ጀማሉዲን ገባና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ «አንድ ለባዶ። አልገባበትም» አለኝ። እንዲህ ሲያንሾካሹክ ያየ ለቀስተኛ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ደረቱን መምታት ጀመረ።

እንግዲህ የተስማማነው እንዲህ ነው። ሊጉ ሰኔ ላይ ያልቃል። ያን ጊዜ ዮናታን ወደ ቤቱ ይመጣል፤ በማለዳ፣ በወጉ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይነገረዋል። እስከዚያ የቦንጋ ልጆች ፌስቡክ ላይ አንዲት ቃል እንዳይጽፉ ጀማሉዲን አስጠንቅቋል፤ የጻፈ ሱቁ ኳስ ለማየት አይገባም። አንተ ደግሞ የክለቡ ወጌሻ ነህ፤ እግሩ በየቀኑ በእጅህ ነው። እጅህ ሥራውን ይሥራ፤ አፍህን ያዝልኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ከእኛ ቡና ጭኖ ወደ ሞጆ የሚመላለሰው ሹፌር ጣሰው ነው። መልሱንም በእሱ።

ዘመድህ ገብረ ሥላሴ


አዳማ፣ መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ገብረ ሥላሴ፤ ቦንጋ።

ጤናዎን ሁሉን የሚችል አምላክ ይስጥልኝ። እርስዎን ያጽናዎት፤ የእትዬ ወለተሥላሴን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ ጎን ያኑርልን። ምን ልበል። ልጅ ሆኜ ቦንጋ ስመጣ ጫማዬን አስወልቀው እግሬን በሙቅ ውኃ ያጠቡኝ እሳቸው ነበሩ።

ደብዳቤውን ትጥቅ ክፍል ገብቼ ኳሶቹ መሐል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስወጣ ዮናታን በር ላይ ቆሟል። «አብርሽ፣ ምነው ዐይንህ ደም መሰለ?» አለኝ። «የማሽበት ቅባቱ ነው፤ ነካሁት» አልኩ። ከዚያ አልጋው ላይ በደረቱ ተኛና ባቱን አሸሁት። በደረቱ መተኛቱ በጀኝ።

የካቲት 29 ሁለተኛውን ተጫወተ። ባዶ ለባዶ ነው የወጣነው፤ ግን የእሱ ነበር ጨዋታው። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከቅርብ የተመታች ኳስ በጣቱ ጫፍ በአግዳሚው በላይ አወጣት። አሠልጣኙ ደርሶ ጭንቅላቱን ያዘው። አንደኛው በረኛ ጣቱ ቢድንም እንግዲህ ቦታውን አያገኝም እየተባለ ነው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር። ዮናታን «ስልኩን ለእማ ስጥልኝ ባልኩት ቁጥር አባባ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ይለኛል። በሳምንት ስንቴ ነው የሚቀደሰው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጾም ነው አልኩት። ሌላ ነገር ያስቡበት።

እንዴት እንደሆኑ ስለ ራስዎ አልጻፉልኝም። ይጻፉልኝ።

አብርሃም


ቦንጋ፣ መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብርሃም፤

እንዴት ነህ? አንተም እጅህን በሳሙና እየታጠብክ ነው አሉ። ለወጌሻ ጥሩ ነው፤ ቅባቱ ይለቅልሃል። «በአብርሃም ጎን ያኑርልን» ብለህ ስትጽፍ መጀመሪያ አንተን መስሎኝ ደንግጬ ነበር። በአንተ ጎን ለሌላ ሰው የሚተርፍ ቦታ የለም።

በሽታው አገር ገባ ሲባል ሊጉ ለአሥራ አምስት ቀን መቆሙን ሰማሁ። ወዲያው ጀማሉዲን ዘንድ ሄድኩ።

«ቆመ ማለትና አለቀ ማለት አንድ ነው?» አልኩት።

«አይደለም ጋሼ። ቆሟል እንጂ አላለቀም። ይቀጥላል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ!»

እንግዲያው የተባባልነው እንዳለ ነው። ሊጉ ሲያልቅ።

ለልጁ ሌላ ነገር አስቤለታለሁ። እማ ማንኪራ እህቷ ዘንድ ሄዳለች አልኩት። ጫካ ውስጥ ነው፣ ኔትወርክ የለም። «በእግሯ?» አለኝ። እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ በበቅሎ አልኩት። የበቅሎዋን ቀለም ሲጠይቀኝ ዳማ ናት አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ የሐሰት ምስክሮች ሲዋሹ እሰማ ነበር፤ አንድም ቀን የበቅሎ ቀለም ተጠይቀው በእኔ ፍጥነት የመለሱ የሉም።

እንዲያምነኝ ብዬ ከገበያ የማንኪራ ማር ገዝቼ በጣሰው ልኬያለሁ። እማ ናት የላከችልህ በለው።

ስለ ራስህ ጻፍልኝ ብለሃል። እበላለሁ። እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ በስተግራዬ በኩል ቀስ ብዬ ነው የምነሳው፤ እንዳልቀሰቅሳት። ከዚያ ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝም ምንም አይሰማኝም። እስካሁን አላለቀስኩም። ሰው ሲመጣ አፌ እንደ ድሮው ይቀልዳል፣ ሰውም ይስቃል፤ የቀረው አካሌ የማላውቀው ሰው ነው። እንቅልፉ እንዴት ነው ልጁ? ይበላል? እሱን ጻፍልኝ።

ገብረ ሥላሴ


አዳማ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረ ሥላሴ፤

በዚህ ክፉ ቀን እግዚአብሔር ይሰውርዎ። ደብዳቤዎ አሥራ ሦስት ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ። የሕዝብ ማመላለሻ ቆሟል፤ ጣሰውንም በየኬላው እያስወረዱ ሙቀቱን ይለኩታል።

ሊጉ አልቀጠለም። እንደገና አራዝመውታል። አብዛኛው ተጫዋች መንገድ ሳይዘጋ ወደ ቤተሰቡ ሄዷል፤ ካምፑ ውስጥ ስድስት ቀርተናል። ዮናታን «ሊጉ በተጠራ ቀን እዚህ ካልተገኘሁ ቦታዬን ይወስዱብኛል» ብሎ ነው የቀረው። ቀኑን ሙሉ ኳስ ግድግዳ ላይ እየወረወረ ይይዛል። ድም፣ ድም። እኔ ክፍሌ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ማሩ ነገር አበላሸ። ከፍቶ አየና ክዳኑን መለሰው። «ምነው?» አልኩት።

«ሰፈፍ አለው።»

«ታዲያስ? ማር አይደለ!»

«እማ ሰፈፉን ሳታወጣ አትልክልኝም። ጥርሴ ሥር እንደሚገባብኝ ታውቃለች። አሟታል፣ አብርሽ። አሟት ነው እንጂ እንዲህ አትልክም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽታው ለሽማግሌና ለባልቴት ይብሳል የሚለውን ወሬ በስልኩ እያነበበ አላስቀምጥ አለኝ። ስድስት የፊት ጭምብልና አንድ ጠርሙስ አልኮል ገዝቷል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። የእማ ነው ብሏል። «አባባ ማንኪራ ድረስ ይላክላት፤ ከዚያም እንዳትወጣ፤ እንግዳም አይግባባት» ብሏል።

ጋሼ፣ እባክዎ። እግርዎ ሥር ወድቄ ነው የምለምንዎ፤ ልንገረው። በየቀኑ ጡንቻውን አሻለሁ፤ ሁለት ሰው ብቻ ነን ክፍሉ ውስጥ። ያወራል። ስለ እሳቸው ነው የሚያወራው። «እማ እኮ በረኛ ማለት ምን እንደሆነ አይገባትም፤ ሌሎቹ ሲሮጡ አንተ ምን አጥፍተህ ነው እዚያ ያቆሙህ ትለኛለች» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህ ሳቅ አሁንም አፌ ውስጥ አለ።

አብርሃም


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብርሃም፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ዶሮ በላህ? እኔ ጎረቤቴ አሰለፈች በሰሐን አምጥታልኝ በላሁ። በአጥር በኩል ነው ያቀበለችኝ፤ ሰሐኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ሄደች፤ እንደ ውሻ ቀርቤ አነሳሁት። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። እኔ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኋት።

የአርባው ተዝካር ቀን ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ተባለ። ቄሱ፣ አሰለፈች፣ ጀማሉዲን፣ እኔ። ጀማሉዲን በር ላይ ቆሞ «አራተኛው ከበዛ እኔ ልውጣ» አለ። አንተ ከወጣህ ውጤቱን ማን ይነግረናል አልኩት። ለሰባ ሰው የሚሆን ጠላ ተጠምቆ ነበር። ደፋነው።

ጭምብሎቹ ደርሰውኛል፤ ስድስቱም። ልጁ ደውሎ «እማ ታደርገዋለች?» አለኝ። «እሷ ከቤት አትወጣም» አልኩ። «ሰው ይጠጋታል?» «ማንም አይጠጋትም።» «ተመስገን» አለ። ስልኩን ስዘጋ፣ ሐሰት አልተናገርኩም እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ፤ የመዝገብ ቤት ሰው አይደለሁ። ረታሁ። መርታቴ ምንም አላደረገልኝም።

ልንገረው ላልከው፤ አይሆንም። መርዶ የሰማ ሰው ይወድቃል። የሚይዘው ያስፈልጋል፤ በቀኝ የሚይዘው፣ በግራ የሚይዘው፣ ራሱን ግድግዳ ላይ እንዳይመታ ከኋላ የሚይዘው። አብራው የምትጮህ ሴት ታስፈልጋለች። አሁን ማን ይይዝልኛል? ሁለት ሜትር ርቀህ ትይዘዋለህ? ሆድህ ይደርስ ይሆናል፤ እጅህ አይደርስም።

ደግሞ ሊጉ አላለቀም። ጀማሉዲን ይቀጥላል ብሏል። ሁለት ጨዋታ ነው ልጁ የተጫወተው፤ ይጨርስ። ከጨረሰ በኋላ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።

ሌላ ምንም አልፈልግም። ዝም በልልኝ ብቻ።

ገብረ ሥላሴ


አዳማ፣ ግንቦት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረ ሥላሴ፤

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ከሰላምታው ቀጥሎ የምጽፈው ግን ትእዛዝዎን ስለ ማፍረሴ ነው።

እንደሰሙት ሊጉ ተሰርዟል። ዋንጫ የለም፣ ወራጅ የለም። እስካሁን የተደረገው ጨዋታ ሁሉ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ዮናታን ከስልኩ ላይ አነበበልን። አንብቦ ሲጨርስ «እሺ» አለና ድንች መላጡን ቀጠለ። ስድስታችንም ድንቹን በላን።

በሳምንቱ ጣሰው ሲመጣ ሻንጣውን አሰረ። «ቦንጋ አልወርድም» አለኝ። «መጀመሪያ ማንኪራ ነው የምሄደው። እማን ከአጥር ውጭ ሆኜ አያታለሁ። አሥራ አራት ቀን ውጭ ባድርም ግድ የለኝም።» ማንኪራ ደርሶ ከእህትየው ደጃፍ ቢቆም ምን እንደሚሰማ ያስቡት። ሦስት ጊዜ ደወልኩልዎ፤ ስልክዎ አልሠራም። ጣሰው የሚነሳው በማግስቱ ነበር።

ስለዚህ የካምፑን ዘበኛ ጋሽ ተሰማን ጠራሁ፤ ከጎረቤት አንድ የሰንበቴ ሽማግሌ ለመንኩ። ሦስት ሆንን፤ ከእሱ ጋር አራት። ሊነጋጋ ሲል ጋቢ ለብሰን፣ አፋችንን ሸፍነን በሩን አንኳኳን።

ከፍቶ አየን። ሦስት ሰው በማለዳ ሲያይ ወዲያው ገባው። ወደ ኋላ ሸሸና አልጋው ጫፍ ላይ ተደገፈ።

«አባባ ነው?» አለ።

«አይደሉም። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ደህና ናቸው» አልኩት።

«ተመስገን!» አለ። ሳቀ፣ ጋሼ። ደረቱን ይዞ ሳቀ። «እናንተ ደግሞ! ልቤን ልታቆሙት ነው እኮ። ምንድነው ታዲያ፣ ከካምፑ ውጡ ተባልን?»

ያን ጊዜ ነገርኩት።

አልወደቀም። እኛ ግን ይወድቃል ብለን ሁለት ሜትሩን ረስተን ሦስታችንም ያዝነው። በቀኝም በግራም በኋላም፣ እርስዎ እንዳሉት። መሐላችን እንደ እንጨት ቆሞ «መቼ?» አለ። የካቲት 21 አልኩት። በሐሳቡ ቆጠረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ክንዱ ላይ ያለውን እጄን አየ።

«በዚህ እጅህ ነው ሁልጊዜ ስታሸኝ የነበረው?» አለኝ።

እጄን አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ጣሰው ነው፤ ልጁም እዚያው መኪና ላይ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

አብርሃም


ቦንጋ፣ ግንቦት 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብርሃም፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ይቅር ብዬሃለሁ። ይቅር ለማለት የሚበቃ ሰው ከሆንኩ።

ልጁ ደርሷል። ጣሰው በራችን ላይ አወረደው። እኔ ደጃፍ ቆሜ ነበር። አልሳመኝም፤ በሽታውን ፈርቶ ይሁን እኔን ጠልቶ አላወቅሁም። አሰለፈች አጥሩ ሥር ሆና አንድ ጊዜ ጮኸች። ያኔ ወደቀ። ለአንተ ሳይወድቅ መንገዱን ሁሉ ተሸክሞት መጥቶ እኔ ደጅ ላይ ወደቀ። መሬት ላይ ያዝነው።

የእድሩ ሰው አራት አራት እየሆነ በተራ ይገባ ጀመር። አራቱ አልቅሰው ሲወጡ ሌሎች አራት ይገባሉ። እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ ሆነ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን ሙሉ ተለቀሰ። ዮናታን ከሁሉም ጋር አለቀሰ። እኔ ወንበር አቀርብ ነበር።

አባባ ነው ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ስትለው ተመስገን ማለቱን ጽፈህልኛል። አራት ጊዜ አነበብኩት። ባትጽፍልኝ ይሻል ነበር። በእሷ ቦታ ለእኔ ተመስገን ተባለልኝ፤ ይህን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሰው ቀነሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ከመጣ ጀምሮ አላነጋገረኝም ነበር።

«ጠርታኝ ነበር?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ አብርሃም። ከየካቲት ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ። እንቅልፍ ላይ እያለች ነው ያረፈችው፤ ማንንም አልጠራችም፤ አልተሠቃየችም። የበቅሎዋን ቀለም በመለስኩበት ፍጥነት ልመልስለት እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ሁለት ጊዜ» አልኩት። «ሐሙስ አንድ ጊዜ፣ አርብ አንድ ጊዜ። ዮናታንን ጥሩልኝ አለች። እኔ፣ እሑድ ጨዋታ አለው፣ ሐሳብ አንጨምርበት፣ ሰኞ እንጠራዋለን አልኳት። እሺ አለች። አርብ ደግማ ስትጠይቀኝም ያንኑ አልኳት። እሺ አለች።»

ለአንተም፣ ለቄሱም፣ ለማንም አልተናገርኩትም ነበር ይህን። ሐሙስ ብደውል አርብ ማታ ይደርስ ነበር።

ልጁ አልጮኸም፣ ከመቀመጫውም አልተነሳ።

«ያ ጨዋታ እኮ የለም፣ አባባ» አለ። «ተሰርዟል።»

«አዎ» አልኩ። ልቀልድ ብዬ ፈለግሁ፤ አንድም ነገር አልመጣልኝም።

አሰለፈች የላከችው ምሳ እየቀዘቀዘ ነበር። ተነሳና ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን አመጣ፤ ሊያስታጥበኝ። አንገቱን ደፍቶ፣ ሳያየኝ አፈሰሰልኝ። ታጠብኩ። «በቃኝ» አልኩት። አላቆመም። ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን አፈሰሰ። እኔም እጄን አላነሳሁም።

ገብረ ሥላሴ